የእህቴን ልጅ ተውሼ ያየኋቸው ፊልሞች

የካርቱን ፊልም እወዳለሁ። አርባን ያለፈች፣ በመሥሪያ ቤቷ «እትዬ» የምትባል ሴት ይህን አፍ አውጥታ ለመናገር ትንሽ ይከብዳታል። እኔም አልተናገርኩም። የእህቴን ልጅ እየተዋስኩ ሄድኩ እንጂ።

እህቴ የምትኖረው አፍንጮ በር ነው። እሁድ እሁድ ምሳዬን በልቼ ከአምስት ኪሎ ወረድ እልና ልጅቷን ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ዳገቱን ወደ ፒያሳ እንወጣለን። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። እህቴ ላገኘችው ጎረቤት ሁሉ «እንደ እሷ ያለች አክስት ከየት ይገኛል? እሁዷን እኮ ለልጄ ሰጠቻት» ትላለች። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ምስጋናውን እቀበላለሁ። ፋንዲሻውን እንኳ አብዝቼ የምበላው እኔ እንደሆንኩ ማን ያውቃል?

የነቃብኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሲኒማው በር ላይ ቲኬት የሚቀድዱት ሽማግሌ። አንድ ቀን ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩና «ለመሆኑ ማን ነው ማንን ይዞ የመጣው?» አሉኝ። «ምን ላድርግ አባባ፣ ልጅ አይደለች፣ አስቸገረችኝ» አልኳቸው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አላስቸገረችኝም ነበር።

ደግሞ ውስጥ ገብቶ ላየ ሰው የሽማግሌው ጥያቄ ቀልድ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ወንበር ላይ ይንጠላጠላሉ፣ ሽንቴ መጣ ይላሉ፣ ይተኛሉ፤ አፉን ከፍቶ የሚያየው አባታቸው ነው። ፊልሙን የሚሠሩትም ይህን ሳያውቁት አይቀሩም ባይ ነኝ። ለልጆቹ የሚወድቅና የሚንከባለል ነገር ይሰጧቸዋል፤ ዋናውን ጨዋታ ግን ለእኛ ነው የሚያስቀምጡት። ስለ አለቃ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ እርጅና የሚቀለደው ለሰባት ዓመት ልጅ ተብሎ አይደለም። አዳራሹ በሳቅ ሲፈነዳ የእህቴ ልጅ እጅጌዬን እየጎተተች «ምን አለ? ምን አለ?» ትለኛለች። «ቆይ እነግርሻለሁ» እላታለሁ። አንዱን ሳልነግራት ሌላው ይመጣል። እየቆየች መጠየቁን ተወችው። አንድ እሁድ ዞር ስል ስክሪኑን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። እኔ ስስቅ እሷም ትስቃለች፣ ትንሽ ዘግየት ብላ። ያን ጊዜ ማፈር ነበረብኝ። ፊልሙ ጥሞኝ ስለነበር ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።

እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ሌላ እሁድ ነው። የእህቴ ልጅ ፊት ለፊት የምትኖር ጓደኛ ነበረቻት፤ እኩያዋ ናት፣ መራመድም የተማሩት አብረው ነው። ከእህቴ ቤት ባሻገር፣ ከመንገዱ ወዲያ ያለው ቤት ሁሉ ለልማት ይነሣ ተባለ። የጓደኛዋ ቤተሰቦች ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ የሚሄዱበትም ቀን እሁድ ሆነ።

ስደርስ አይሱዙው በራቸው ላይ ቆሞ ፍራሽና ቁም ሣጥን ይጫናል። ሁለቱ ልጆች እህቴ ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«አክስቴ፣ ዛሬ አልሄድም» አለችኝ። «ልሸኛት ነው።»

ፊልሙ የሚታየው ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቀው ከርሜያለሁ። ደህና ሰው ቢሆን «በይ እሺ» ብሎ ብቻውን ይሄዳል። እኔ ግን ወረፋው ላይ ብቻዬን ቆሜ የመሥሪያ ቤቴ ሰው ሲያየኝ ታየኝ። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ በእሁድ ምድር ካርቱን ልታይ! ጎንበስ ብዬ «ሚጣዬ፣ ያላንቺ እኮ አያስገቡኝም። ትልቅ ሰው ልጅ ካልያዘ ክልክል ነው» አልኳት።

አሰበች። ጓደኛዋን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። እህቴም ከውስጥ «አክስትሽ ለፍታ መጥታ እምቢ ትያታለሽ እንዴ?» ብላ ጨመረችበት።

«መኪናው የሚሄደው አሥር ሰዓት አይደል? እንደርሳለን» አልኩ።

«ጠብቂኝ እሺ?» አለቻት ጓደኛዋን። ከዚያ ተነሥታ እጄን ያዘች።

ወረፋው ላይ ከፊታችን ሁለት ፍቅረኞች ቆመዋል። «እነሱስ? ልጅ አልያዙም እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ልጃቸው ቀድሞ ገብቷል» አልኳት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው እዚያው በቆምኩበት ከብዶኝ ነበር፤ ግን ተሸክሜው ገባሁ።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፊልሙ የተጀመረው ዘግይቶ ነው። የአንድ ጡረታ የወጣ አሮጌ አውቶብስ ታሪክ ነበር፤ አንዲት ወፍ ወንበሩ ሥር ጎጆ ትሠራለች። ጡረታ ለሰባት ዓመት ልጅ ምኗ ነው? እኔ ግን ገና አውቶብሱ ሞተሩን ለማስነሣት ሲያጣጥር ወደ ፊት ሳብ ብዬ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ተኩል ላይ «አክስቴ፣ አንሄድም?» አለችኝ። «ትንሽ ነው የቀረው» አልኳት። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደግማ ጠየቀች። ስልኬን አየሁ። ያኔ ተነሥተን ቁልቁለቱን ፈጠን ፈጠን ብለን ብንወርድ እንደርስ ነበር። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ አላወቅሁም ብዬ ራሴን የማታልልበት መንገድ የለኝም። ስክሪኑ ላይ ግን አውቶብሱ ሊፈታታ፣ ወፏም ልትሰናበተው ነበር።

«አሁን ያልቃል፣ ዝም በይ!» አልኳት። ተቆጥቼ ነው።

ወፏ ስትሰናበተው አለቀስኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ጓደኛዋን የምትሰናበትበት ሰዓት እያለፈባት፣ እኔ ለተሣለች ወፍ መሀረብ አወጣሁ።

በሩጫ ነው የተመለስነው። አይሱዙው የለም። ከመንገዱ ወዲያ ያለው ቤት በሩ እንኳ ተነቅሎ ተወስዷል። ሱዚ የሚዘሉበት ላስቲክ እህቴ በር እጀታ ላይ ተቋጥሮ አገኘነው፤ የሁለቱም ነበር፣ ጓደኛዋ ትታላት ሄዳ ነው። «ጠብቂኝ ብላኛለች፣ አልገባም እያለች መኪናውን ስታስቆም ቆየች። ሹፌሩ ጡሩምባ ቢነፋም ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አባቷ ተሸክሞ አስገባት» አለችን እህቴ። ልጅቷ ቋጠሮውን ፈትታ ላስቲኩን ኪሷ ከተተችው። አላለቀሰችም። እናቷ «ፊልሙስ እንዴት ነበር?» ስትላት እኔን ቀና ብላ አየችና «ጥሩ ነው» አለች።

በነጋታው እህቴ ለልጅቷ ጓደኛ እናት ደውላ ልጆቹን አገናኘቻቸው። «እሺ»፣ «እሺ» ተባባሉና ዘጉ። በዚያ ዕድሜ ስልክ ላይ መጫወት አይሆንላቸውም።

ሳምንቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ብል አጋንኜ ይሆናል፤ ግን እህል አልጥም ብሎኝ ነበር የከረምኩት። በሚቀጥለው እሁድ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ፊልም አላሰብኩም፤ ልጅቷን ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ፀጉሯን ተሠርታ፣ የክት ጫማዋን አድርጋ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ዛሬ ፊልም አንሄድም፣ ሚጣዬ» አልኳት።

«ለምን?»

«አንቺ አትወጂውማ።»

«አዎ፣ አልወድም» አለች። «ግን አንቺ ትወጃለሽ። ያለ እኔ ደግሞ አያስገቡሽም።»

እኔ ሰው ይታዘበኛል ብዬ ስሸሽ፣ ለካ ይህቺ ልጅ አዝናልኝ ነው የምትከተለኝ። እህቴ ጓዳ ሆና ሳህን ታንኳኳለች። እንድትሰማኝ አልፈለግሁም፤ ይህንንም ፍርሃት ነው የምለው። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ።

«ዋሽቼሽ ነው» አልኳት። «ትልቅ ሰው ብቻውን ይገባል። ማንም አይከለክለውም። ብቻዬን መታየት አፍሬ ነው።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ከመንገዱ ወዲያ ከፈረሰው ቤት ወደቀረው ግድግዳ አየች።

«እና ልሸኛት እችል ነበር?» አለችኝ።

«ትችይ ነበር» አልኳት።