ወንድሜ የሰጠኝ ምርጫ

ዛሬ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ከኮምፒውተር ጠጋኝ ደጃፍ የጋለ አቧራ ሸተተኝና ሟቹ ወንድሜ ትዝ አለኝ።

ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር፣ ይኸው ሽታ በማይጠፋበት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ እሱና ጓደኞቹ በኮምፒውተር የፈጠራ የእግር ኳስ ሊግ ይጫወቱ ነበር። በዓመት አንድ ማታ በየተራ አዲስ ተጫዋች ይመርጣሉ። ቀድሞ የሚመርጠው መጨረሻ የወጣው ቡድን ነው። ወንድሜ ዓመቱን ሙሉ ተሸንፎ ያገኘው ይህንኑ ዕድል ነበር፤ እሱንም ለእኔ ሰጠኝ።

«ያላ፣ በል ጎበዙን ምረጥልኝ» አለኝ።

እኔ በዐረብኛ ትምህርት ቤት እንደለመድኩት የተጫዋቾቹን ሰንጠረዥ ከቀኝ ማንበብ ጀመርኩና ትልቁን ቁጥር ነካሁ። ለካ ችሎታው በግራ ኖሯል፤ በቀኝ ያለው ዕድሜ ነው። የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በረኛ!

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። «አያትህን አስፈረመልህ!» አሉት ጓደኞቹ። እንባዬ መጣ።

የቤቱ ባለቤት ሸህ ሰይድ «አብሽር፣ አይዞህ ልጄ» አሉኝ። «ሽማግሌ ያለበት ደጅ አይደፈርም።»

ያኔ ወንድሜ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ወደ ቤት ስንሄድ «ተናደድክብኝ?» አልኩት።

«ወላሂ፣ ለከርሞም አንተ ነህ የምትመርጠው» አለኝ።

ዓመቱ ሳይደርስ ሞተ። በምርጫው ማታ የእሱ ተራ ሲደርስ መረጥኩለት፤ ማንም አልሳቀም።

ዛሬ ግን ደጃፉ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ጠጋኙ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀኝ። «የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በረኛ» አልኩት።