«ቀዥቃዣ» ማለት

ባለፈው ሳምንት ጋምቤላ መሃል ከተማ በባጃጅ ስሄድ፣ ሾፌሩ ድንገት መንገድ የገባበትን ሞተረኛ «ምን ያንቀዠቅዥሃል!» ብሎ ሲጮህበት፣ ቃሉ እኔን ወደ ልጅነቴ ግቢ፣ ወደ አሪየት መለሰኝ።

እናቴ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች፤ አሪየት ደግሞ አጥር የምትጋራን፣ አማርኛን ከገበያና ከእኛ ቤት የለቀመች የአኙዋ ወጣት። ደስታ መያዝ አታውቅም። ከባሮ ትልቅ ዓሣ የተገኘ ቀን፣ ዓሣውን በጭራው አንጠልጥላ ስትሮጥ አንድ ጫማዋ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሁለቱ ቋንቋ ይደባለቅባታል፣ ወሬውን ከመጨረሻው ትጀምርና ሳቋ ያቋርጣታል፤ እኛ ግን ፊቷን አይተን፣ ገና ሳትናገር ነገሩ ይገባናል። እናቴም በሳቅ እየፈረሰች «አንቺ ቀዥቃዣ!» ትላታለች።

«ሲስተር፣ ቀዥቃዣ ምንድን ነው?» አለቻት አንድ ቀን።

እናቴ እጁ ከሐሳቡ የሚቀድም፣ መርጋት የማያውቅ ሰው ማለት ነው ብላ ልትነግራት አፈረችና «ደስታዋን የማትደብቅ ማለት ነው» አለቻት። ፈጽሞ ውሸት አልነበረም፤ ከእናቴ አፍ ሲወጣ ትርጉሙ እንዲያ ነበር። ግን ቃሉ እንደ ተናጋሪው እንደሚለዋወጥ ለአሪየት ማን ነገራት?

አንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ ተቀባይ ሊቀጥር ሲፈትናት ስለ ጠባይዋ ጠየቋት። ደረቷን ነፍታ «በጣም ቀዥቃዣ ነኝ» አለች። ፈታኞቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ፤ አንደኛው ትርጉሙን አስረዳት፤ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ከዚያ በቀጥታ እኛ ቤት መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። «ሲስተር፣ ይሰድቡኝ ነበር?» አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ እናቴን «አንቺ» ነበር የምትላት።

«በፍቅር እኮ ነው፣ ልጄ…» አለች እናቴ። እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል አሪየት ክንዷን ይዛ አነሳቻት፤ «ይቅር ብያለሁ» አለቻት፤ እውነቷንም ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን እርምጃዋን የምትመጥን፣ ሳቋ ሲመጣባት አፏን በመዳፏ የምትከድን ሆነች። እናቴም ያንን ቃል፣ ብርጭቆ ስሰብር እንኳ፣ ደግማ አልተነፈሰችውም፤ ጸሎት ላይ ቆማ የአሪየትን ስም ስትጠራ ግን ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

በኋላ አሪየት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀጠረች። ያን ዕለት በሩን አንኳኩታ ገባች፤ ቀሚሷን አስተካክላ ተቀመጠች፤ የሁላችንንም ደኅንነት ጠየቀች፤ ከዚያ የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ ሁሉ «ሲስተር፣ ሥራ አግኝቻለሁ» አለች። አማርኛዋ እንከን አልነበረውም። እናቴ እልል ብላ ሳመቻትና ጓዳ ገባች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አሪየት ያን ቀን ደስ ብሏት እንደሆነ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም።