ከጓሮ የነቀልኩት ሴንሰር

ከሃላሌ ከተማ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ሴንሰሮቹን የተከልነው እኔና ከሶዶ አብረውኝ የመጡ ቴክኒሻኖች ነን። ሥራቸው የአፈሩን እርጥበትና እንቅስቃሴ መለካት ነው፤ ቁልቁለቱ ሊናድ ሲል ሰዉ ቀድሞ እንዲሸሽ። እያንዳንዱ ለብቻው ሶዶ ወዳለው ቢሯችን መልእክት ልላክ ቢል ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የላይኛው የለካውን ከሥሩ ላለው ያቀብላል፣ ያኛው የራሱን ከደረሰው ጋር አጣምሮ አንድ አጭር መልእክት ያደርግና ወደ ታች ያሳልፋል። ሁሉም ተጠቃሎ የሚደርሰው አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ጓሮ፣ ከእንሰቱ ዳር ወደቆመው የመጨረሻው ሴንሰር ነው። ሲም ካርድ ያለው እሱ ብቻ ነው። ለሶዶም ለእናትየው ስልክም የሚናገረው እሱ ነው።

ዘዴው ወረቀት ላይ ያምራል። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ የሁሉንም ሸክም የሚሸከመው ቀድሞ ይሞታል። ሞተም። የሞተው ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ስለነበር፣ አዲስ ባትሪ ስጠይቅ በሚቀጥለው በጀት ይታያል አሉኝ። የሚቀጥለው በጀት የሚባለውን ነገር እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም። ከላይ ያሉት ሴንሰሮች ግን ደህና ናቸው። አሁንም ይለካሉ፣ ያጣምራሉ፣ ያቀብላሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

የእናትየው ልጅ ተዳፋቱን ፈርቶ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከተማ ቤት ተከራይቷል። እሳቸው ብቻቸውን ቀርተው ስልካቸው ዝም እስካለ ድረስ ተኝተው ያድራሉ። ዝም ያለው ሬሳ መሆኑን ስላላወቁ ነው። የሞተ ነገር አምነው ከሚተኙ ጭራሽ ባይኖር ይሻላል ብዬ ልነቅለው ሄድኩ።

በወላይትኛ ረጋ ብዬ አስረዳኋቸው። ይሄ ሞቷል፣ ዝም ማለቱ ሰላም ነው ማለት አይደለም፣ ዝናብ ሲከብድ ልጅዎ ጋ ይውረዱ አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። ከላይ ያሉትስ ብለው ጠየቁኝ፤ እነሱ ይሠራሉ አልኩ። እውነት ነበር፣ ምን ልበል። ፈገግ ብለው የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልኝ፣ በልቼ ሴንሰሩን በጆንያ ይዤ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ቢያንስ አንድ ነገር አደረግኩ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ዛሬ ጠዋት ደወሉልኝ። ድምፃቸው ደስታ ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። ልጄ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ተመለሰልኝ። ጠባቂ የሚነሳው ስጋት ሲያልፍ ነው ብዬ ነገርኩት።»

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ምስክርነት ሰጥተዋል። ያንን የሰሙ ሁለት ጎረቤቶችም ከተማ የተከራዩትን ለቀው ወደ ተዳፋቱ ወጥተዋል። ስጋቱ አላለፈም፣ እባክዎን ያውርዷቸው ብዬ ለመንኳቸው። ድምፄ ከፍ ሲል፣ ልጄ ደክሞሃል መሰለኝ፣ እጸልይልሃለሁ አሉኝ። ቀበሌ ደወልኩ፤ ተመዝግቧል አሉ። ለልጃቸው ደወልኩ። እሱማ ሳቀብኝ፤ አንተ አይደለህ እንዴ የነቀልከው አለኝ።

ክረምቱ ገና መግባቱ ነው፣ እዚያ ላይም ሴንሰሮቹ አፈሩ ምን ያህል እንደረጠበ በትክክል እየለኩ ነው።