እናቴ የሱቁን አጃ አልበላም አለች

«ልጄ፣ እንደ አህያ ሲናር ልታበዪኝ ነው?» አለችኝ እናቴ ዛሬ ጠዋት። ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ።

እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ዘንድሮ ገብሳችንን ውርጭ መታው። እሷ ደግሞ ከታመመች ወዲህ ከገብስ አጥሚት ሌላ አይወርድላትም። የቀረችን ዱቄት ትናንት አለቀች፤ ገበያውም ላይ ገብስ ጠፍቷል።

ሐኪሙ «መድኃኒቱን በባዶ ሆዷ እንዳትወስድ» ስላለኝ ከሱቅ የታሸገ አጃ ገዛሁ። የፈላ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። እንደኔ ብቻዋን ለምታስታምም ሴት እፎይታ ነው ብዬ ነበር።

ጥፋቴ ማሸጊያውን አጠገቧ ማስቀመጤ ነው። ፊደል ባትቆጥርም ሥዕሉን አየች። ዕድሜዋን ሙሉ ከገብስ ማሳ እየነቀለች ስትጥለው የኖረችውን አረም፣ ሲናርን፣ ቁርጥ ነው። ሠዓሊው ምን አስዋበው!

«እማዬ፣ ይኼ ሌላ ነው። ከተማ ሀብታም የሚበላው ነው።»

«ሀብታሙ የሚያርምለት ቢያጣ ነዋ!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማካሮኒም ቀቀልኩላት፤ ዞራም አላየችው። እስካሁን እህል አልቀመሰችም፣ መድኃኒቱም እንደተቀመጠ ነው። ጨነቀኝ።

እንዲህ ያለ በሽተኛ ያስታመማችሁ፣ ከሱቅ ምን ገዝታችሁ፣ ምንስ ብላችሁ አበላችሁ? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ አጠገቧ ተቀምጬ እያየሁ ነው።