ተራችን ባልነበረ ቀን

ኮቪዱ ቀለል ባለበት ሰመር፣ በምንኖርበት ከተማ በሉዊስ ሴንተር ዝናብ ጠፋ። የውሃ ድርጅቱ ሣር የምናጠጣበትን ቀን በቤት ቁጥር ከፋፈለው፤ የእኛ ቁጥር ጎዶሎ ስለሆነ ተራችን ጎዶሎ ቀን ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ አዲስ ቤት የገዛሁ ሰው ነኝ። ቅዳሜ የሥራ ጓደኞቼን ጠርቻለሁ፤ ሣሬን ቢጫ ሆኖ እንዲያዩት አልፈለግኩም። ጉረኛ ነበርኩ፣ ምን ይደረጋል። ሐሙስ ተራችን አልነበረም። የሣሩን ውሃ መርጫ ከፍቼ፣ ውሃው ሣሩን አልፎ አስፋልቱ ላይ ሲወርድ እያየሁ ለሰዓታት ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ ሠራተኛ መጣ። የባለቤቴ አባት ደጃፍ ላይ ለሶላት ውዱእ እያደረጉ ነበር። ከወሎ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። በአንዲት ትንሽ ጆግ ነው የሚታጠቡት፤ ከእግራቸው የሚወርደውንም በሳፋ ተቀብለው ቃሪያቸውን ያጠጡበታል። በልጅነታቸው ድርቅ ያዩ ሰው ናቸው፤ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የሣሩ ውሃ ተራ እንዳለው ግን ማንም አልነገራቸውም።

ሠራተኛው መርጫውን ማን እንደከፈተው ጠየቀኝ። ለማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር የመጣው። እኔ ግን በጣቴ ወደ ሽማግሌው አመለከትኩና በእንግሊዝኛ፣ «አማቴ ናቸው፤ ለአገሩ አዲስ ናቸው፣ ሕጉን አያውቁም» አልኩት። እሳቸው አንድም ቃል አልገባቸውም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፈገግ እያሉ ሰላም አሉት።

ሰውየው ሲሄድ «ምን አለ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ውሃ በዝቷል ነው የሚለው፣ አባባ» አልኩና ወደ ቤት ገባሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በማግስቱ ለጁምዓ ልንሄድ መኪና ውስጥ ገባን። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሞተሩን ሳላስነሳ እጄን ያዙኝ።

«ትናንት ያ ሰው በእኔ ነው የመጣው። ወደ እኔ ስታመለክት አይቻለሁ» አሉ። «የእኔ ውዱእ ይህን ያህል ውሃ የሚጨርስ አልመሰለኝም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ጆጉን ግማሽ ነው የምሞላው። በሰው ፊት አሳፈርኩህ፤ አፉ በለኝ ልጄ።»

በመስኮቱ በኩል ሣሬ ለምልሞ ይታየኛል። ያጠጣሁት እኔ ነኝ ማለት ምን ያቅታል? አቃተኝ።

«አፉ ብያለሁ፣ አባባ» አልኳቸው።