ሠላሳ አራት ከመቶ

የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች እሜቴ ዜና ይሏታል፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዜና አንብባለች። ዲፕሎማ ስላልነበራት ቅዳሜ ቅዳሜ የመገናኛ ብዙኃን ትምህርት ጀመረች። የሙከራ ፈተና ሲመጣም "ይሄማ ለእኔ ውሃ እንደ መጠጣት ነው" ብላ ሳትጨነቅ ተፈተነች።

ወረቀቱ ሲመለስላት ሠላሳ አራት ከመቶ ይላል። ክው አለች። የሌላ ሰው መስሏት ስሙን ደጋግማ አየችው፤ የራሷ ነው። አግዳሚው ላይ ዘጭ አለች።

"መምህር፣ ተሳስተህ እንዳይሆን?" አለችው፤ በዕድሜ ልጇ ይሆናል።

"አልተሳሳትኩም፣ እትዬ። ለምሳሌ አንዱ ጥያቄ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የሳሙና ማስታወቂያ ለማንና ለምን እንዲህ ተደርጎ እንደተሠራ ነበር። እርስዎ ግን ፎቶው ላይ ያለውን ብቻ ነገሩኝ፤ ሴትየዋን፣ ባልዲውን፣ አረፋውን።"

ቤቷ ገብታ ወረቀቱን ከተራ ቁጥር አንድ ጀምራ መረመረችው። ነጥብ ባጣችበት ሁሉ ያየችውን ተርካለች እንጂ "ለምን" አላለችም። ይበልጥ ያስደነገጣት ግን ሌላ ነው፦ ያን ሁሉ ዓመት ያነበበችውን ዜናም "ይሄ ለምን ቀደመ?" ብላ ጠይቃ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ የትምህርቱን ደብተር ዘግታ፣ በየማለዳው በምታነበው ዜና ጠርዝ ላይ በእርሳስ "ለማን? ለምን?" እያለች ትጽፍ ጀመር። ዋናውን ፈተና በሰባ አንድ አለፈች። አሁን ፍዳውን የሚያየው የዜና አዘጋጁ ነው፤ ምክንያቱን አፋጥጣ ሳትጠይቀው ማይክሮፎን ፊት አትቀመጥም።