ዘሩን ሳይጥል የታጨደው ሜዳ

ከቁስቋም በላይ፣ የአገር በቀል ዕፅዋት በሚጠበቁበት ግቢ፣ ሥራ የጀመርኩት በቀን ሠራተኝነት ነው። በመጀመሪያው ቀን ፎርማኑ ጋሽ ተካ ማጭድ ሰጡኝና ከባሕር ዛፉ በላይ ወዳለው ገላጣ ሜዳ ይዘውኝ ወጡ። የቀጨኔ ልጅ ነኝ፤ ከሸክላ ጭቃ በቀር የማውቀው አልነበረም። ልጨድ ብዬ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ እያቸው" አሉኝ።

አደዩን፣ ማገጡን፣ ጫፉ እንደ እሳት የቀላውን ረጅም አበባ አሳዩኝ። ያን ቀን ምንም አላጨድኩም፤ በሣሩ መሀል የበቀለ የባሕር ዛፍ ቡቃያ በእጄ ስነቅል ዋልኩ።

ሥራው እንዲህ ነበር። አበባው እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከዘሩ ጥቂቱ ተለቅሞ በወንፊት ይነፋና ለችግኝ ጣቢያው ይቀመጣል፤ የቀረው መሬት ላይ ይረግፋል። ማጭድ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ተካ ጡረታ ሲወጡ ፎርማንነቱ ለእኔ ደረሰ። በኮንትራት ከተቀጠሩት መሀል ዘሃራ የምትባል የአዲሱ ገበያ ባለሱቅ ልጅ ነበረች። ዘር ስትለቅም እጇ ፈጣን ነው፤ ሜዳውን ሲረግጡባት ደግሞ ማንንም አትምርም። አንዴ ለመኪናቸው ማስጌጫ አደይ ሊነቅሉ የገቡ ሙሽሮችን ከነሚዜዎቻቸው አስወጥታለች።

አንድ ዓመት እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ከሜዳው ሥር የተሠራው ካፌ ሊመረቅ ነው።

"ጋሽ በላይ፣ ሜዳው ተዝረክርኳል። ይታጨድ።"

"ዘሩን አልጣለም እኮ። አሁን ከታጨደ የከርሞው አደይ ከየት ይመጣል?"

"አውቃለሁ" አለኝ። "የተማርኩት እሱኑ ነው። ግን እንግዶቹ የጸዳ ነገር ማየት ይፈልጋሉ።"

ባያውቅ ኖሮ ባልተናደድኩ። የሣር ማጨጃ ማሽኑን አላስነሳም አልኩት። እሱ ግን ከግቢው ውጭ አጫጆች አስመጣ።

ዘሃራ ሄዳ ማሽኑ ፊት ቆመች። "በእኔ ላይ እለፉ!" አለች። ሰዎቹ አፍረው ሞተሩን አጠፉ። ሥራ አስኪያጁ ግን ጥበቃዎቹን ጠርቶ በክንዷ እየጎተቱ እንዲያወርዷት አደረገ። በእኛ ፊት! ሜዳው እስከ ማታ ተላጨ። ያልረገፈው ዘር ከነአገዳው ተጭኖ ቆሻሻ መጣያ ገባ።

የእሷ ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስበን ቢሮው ገባን።

"ምን አጠፋች?" አልነው።

"የሥራ ፍላጎት የላትም" አለ። የሥራ ፍላጎት! ዝናብ እየመታት ከሜዳው ያልወረደችን ሴት! ብንለምንም፣ ብንቆጣም አልመለሳትም።

በዓመቱ ተማሪዎች አደይ ሊያዩ መጡ። ሜዳው ሣር ብቻ ነበር፤ ጥግ ጥጉን ጥቂት ቢጫ ይታያል። አስተማሪያቸው ምን እንደሆነ ጠየቀች።

"ዘንድሮ ዝናብ አልጣለም" አላት ሥራ አስኪያጁ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

እግሬ ሥር መሬቱ ጭቃ ነው። "ዝናቡማ ጥሏል" አልኩ ጮክ ብዬ። "አምና አበባው ዘሩን ሳይጥል እሳቸው አሳጨዱት። እንዳይታጨድ የከለከለችው ልጅ ተባረረች።"

ተማሪዎቹ ሲሄዱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠራኝ።

"ጋሽ በላይ፣ አዋረዱኝ" አለ።

"እውነቱን ነው የነገርኳቸው።"

በማግስቱ ወደ በር ጥበቃ ተዛወርኩ። ጡረታ እስክወጣ እዚያው ነበርኩ። ዘሃራ ዛሬ አዲሱ ገበያ መንገድ ዳር የራሷን ችግኝ ትሸጣለች፤ ከዚያ ግቢ ግን ይቅርታ ያላት የለም። ሜዳውም ግማሹ እስካሁን አላገገመም።

ለዚህ ሥራ አዲስ የምትገቡ፣ ሜዳ የሚታጨደው ዘር ከረገፈ በኋላ ነው። ቀድሞ ያሳጨደ ሰው ካለ ስሙ ይነገር፤ በዝናብ አይሳበብ።